ባዘቶ

ሐምሌ አጋማሽ ነው። ሆጤ ላይ ጭጋጉ
ከጦሳ ወርዶ ተኝቷል እንደ ላም፤
የረቡዕ ሱሪ ገመድ ላይ ውሎ አድሮ
ዓርብ ሰግደን ስንመጣ አልደረቀም።

ደግነቱ መዲና ከጅዳ የላከችው
ያ ነጭ ማድረቂያ አለ፣ ሆዱ መስታወት፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ያለ አንዳች ኩርፊያ
ያሽከረከረልን የቤቱን እርጥበት።

ዘንድሮ ግን ደከመ።
የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀበት።
ልብሱ እንደ ገባ ወጣ፤ ሙቅ፣ እርጥብ፣ ከባድ፣
የተለበለበ ፀጉር የሚሸት።

ጦይባ ደነገጠች፦ «ሙሄ፣ ይሄ ነገር
አንድ ሌሊት ከነልብሳችን ያነደን?»

ጠጋኙ ከፒያሳ መጣ፤
ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ቆሞ አዳመጠና
«ሞተሩ አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» አለ።
ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ በደህና።

እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ሰማ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ ነበርኩ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ቤት፣ ከማበጠሪያው ክፍል፤
ብናኝ ሲተናነቅ በድምፁ አወቅኩ።
ብናኝ በር አያንኳኳም፣ ሰላምታ የለውም፤
ጥግ ካገኘ ይተኛል፣ ይከመራል፣ ይወፍራል።
ሰው ደረት ከገባ ግን
ቤት እንደ ሠራ ይቆጥራል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልኩ።
አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩ
(ያን ጊዜ ማንም እሰር አላለኝም)።
ማሽኑን ከግድግዳው በጎኑ ፈንቅዬ
ያንን የብር ቱቦ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን፣
ማሰሪያውን ፈታሁት።

ወላሂ! ባዘቶ ነው የወጣው፣
ደጋን ያልነደፈው፣ እንዝርት ያላየው፣
ንብር በንብር፣ እንደ አሮጌ ፍራሽ።
ቀዩ የአብዱ ሹራብ ነው፤
ሰማያዊው የሐያት ዩኒፎርም፤
አረንጓዴው የጦይባ የዒድ ሻሽ።
ከሥር፣ ከሁሉም ሥር፣ አመድማ ነጭ፣
የእናቴ ብርድ ልብስ።
ስትሞት አጥበን፣ አድርቀን፣ ለምስኪን የሰጠነው።
ልብሱ ሄደ፤ ጉድፉ ቀረ።

የመጋረጃ ሽቦ ጫፍ ላይ ብሩሽ አስሬ
እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወለወልኩት።
ሦስት ክንድ ከስንዝር። አብዱ በስልኩ ያበራል።
አንድ ቁልፍ ወጣ፤ የሐያት የጠፋ የጆሮ ጌጥ፤
ከዚያ ላባ።

ላባ ከየት መጣ?
በጓሮ ዞሬ መሰላል አቆምኩኝ፤
የቱቦው አፍ ላይ፣ ክዳኑ በወለቀበት፣
ጎጆ አየሁና ቆሜ ቀረሁኝ።
ከአብዱ ቀይ፣ ከሐያት ሰማያዊ፣
ከእናቴም ትንሽ ቆንጥራ
ወፊቱ ከሁላችን ዘካ ሰብስባለች ለካ።
ባዶ ነው። ልጆቿን አብርራ ሄዳለች፤
የእንቁላል ቅርፊት ብቻ፣ ከጥፍር የሳሳ።

አብዱ «ወንፊት እንምታበት» አለ።
«አይሆንም ልጄ፣ ወንፊት ብናኝ ይይዛል፤
ወፏን ከልክሎ መልሶ እኛን ያንቃል።»
ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ቆረጥኩለት፣
ሲተነፍስ የሚከፈት፣ ሲያርፍ የሚወድቅ።

ማታ አበራነው። በሃምሳ ደቂቃ ጨረሰ።
ጦይባ ፎጣውን ጉንጯ ላይ አድርጋ
ምንም ሳትናገር ቆየች።

እኔም ወደ አልጋዬ ሄድኩ፣ ከሳሌ ጋራ።
ሐኪሙ ባለፈው ፊልሙን ወደ መስኮት አንስቶ
«ቱቦው ጠቧል» ብሎኛል።
ለዚህኛው ጓሮ የለው፣ መሰላል አይደገፍበት።

ሌሊት መዲና ደወለች። «ማድረቂያው እንዴት ነው?»
«አብሽሪ፣ ድኗል። ጥፋቱ የኛ ነው፤
ወንፊቱን በየእጥበቱ፣
ቱቦውን ክረምት ሳይገባ መጥረግ ነበረብን።»
«አንተስ አባ?»
ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።

ጎጆውን አልጣልኩትም፤ አጥሩ ላይ አኑሬዋለሁ።
ዛሬ ጠዋት፣ በዚያ ሁሉ ካፊያ፣
አንዲት ወፍ መጥታ
ቀዩን ብቻ መዝዛ ሄደች።